ቬይል ፓስ እስኪከፈት

ዝግ ነው ይላል። አሁንም ዝግ ነው። ካርታው ላይ ያለው ቀይ መስመር ከተራራው በወዲህ ተነስቶ በወዲያ እስኪወርድ ድረስ ንቅንቅ አላለም፣ እኔም ንቅንቅ አላልኩም፣ ላፕቶፑን ሆዴ ላይ አድርጌ በጀርባዬ እንደተንጋለልኩ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ ሠርቼ የገባሁ ሰው ነኝ፣ መተኛት ነበረብኝ፣ መስኮቱ ላይ በሚስማር የመታሁት ብርድ ልብስ የካሮልተንን ፀሐይ ይከለክልልኛል ብዬ ነበር፣ ግን በዳርና በዳር እየሾለከች ገብታ ግድግዳው ላይ ተቀምጣለች፣ ከታች ደግሞ የአፓርትመንቱ ቅጠል ነፊ ማሽኑን ጀርባው ላይ አዝሎ ፓርኪንጉን ይዞራል፣ በጥር ምን ቅጠል ተገኝቶ እንደሚነፋ እሱና ቀጣሪው ይወቁት። ጠዋት ስገባ ጎረቤቴ በቁምጣ ቆሞ መኪናውን ያጥባል። ዳላስ እንዲህ ናት፣ ጥር ላይ ቁምጣ ታስለብስና በሳምንቱ ድልድዮቿ ላይ ስስ በረዶ ሲጋገር ትምህርት ቤቱን ሁሉ ዘግታ ቤቷ ትገባለች። ወንድሜ ነጅሙዲን ግን እውነተኛው በረዶ ካለበት ነው ያለው፣ ኮሎራዶ፣ ቬይል ፓስ ከሚሉት የተራራ ማለፊያ ሥር፣ ከሶልት ሌክ የጫነውን ጭኖ፣ ከሌሎች ከባድ መኪናዎች ጋር ተሰልፎ መንገድ እስኪከፈት ይጠብቃል። እኔም እጠብቃለሁ። እሱ እንዲከፈት፣ እኔ እንዳይከፈት።

እናታችን ሞታለች። ይህን የነገረኝ ሰው የለም። ሐሙስ ጠዋት ከሥራ ገብቼ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ የስልክ ካርዴን ፍቄ ደሴ ደወልኩ፣ እዚያ አመሻሽ ነው፣ እማ ከዐሱር ሶላት በኋላ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ የምትቀመጥበት ሰዓት ነው፣ ያነሱት ግን እትዬ እማዋይሽ ሆኑ፣ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን። "እትዬ፣ እኔ ነኝ፣ ሳሊሐ፣ እማ የለችም እንዴ?" አልኩ። "ወይኔ ልጄን" አሉ፣ ከዚያ አለቀሱ፣ ከኋላቸው ብዙ ወንዶች ባንድ ላይ አሚን ሲሉ ሰማሁ፣ ስልኩም ተዘጋ። መልሼ ብደውል ጠፍቷል። እንደገና ብደውል ጠፍቷል። ጫማዬን እንዳደረግሁ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ፣ ወዲያው ስልኬ ጮኸ፣ ጋሽ ሸምሱ ናቸው፣ የወሎ ሰዎችን እድር የሚመሩት፣ ካለፈው ረመዳን ወዲህ ደውለውልኝ የማያውቁት ጋሽ ሸምሱ፣ "ሳልዬ፣ ደህና ነሽ የኔ ልጅ? ሥራ ደህና ነው? ነጅሙ መቼ ነው የሚገባው?" አሉኝ። ድምፃቸው ማር ሆኗል። በኛ ወግ ያደገ ሰው ይህን የመርዶ ዋዜማ ድምፅ ያውቀዋል። ቅዳሜ ማታ ወይ እሑድ ይገባል አልኳቸው፣ በረዶ ካልያዘው። "አብሽሪ፣ አላህ በሰላም ያምጣልን፣ ስትሰሚ ደውይልኝ፣ እንዲሁ ልጠይቀው ፈልጌ ነው" አሉ። እንዲሁ። ነጅሙን እንዲሁ ጠይቀውት አያውቁም።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሰው ይደውላል፣ ሁሉም ደህና መሆኔን ይጠይቃል፣ ሁሉም ነጅሙ መቼ እንደሚገባ ማወቅ ይፈልጋል፣ ስለ እማ ግን አንድም ሰው አያነሳም። እነሱ እኔ የማላውቅ መስሏቸዋል። ነገሩን እንዳየሁት ያህል አውቀዋለሁ፣ አጎቴ ከደሴ ለጋሽ ሸምሱ ደውሏል፣ ለሁለታችን ባንድ ላይ እንዲነግሩን አደራ ብሏል፣ ነጅሙ ገብቶ አንድ ሌሊት ያድራል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል፣ ከፍተን ስናይ ወንዶቹ ነጠላና ጋቢያቸውን በጃኬት ላይ ደርበው፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ መኪናው ሁሉ ከታች ተደርድሮ። መንገድ ላይ ላለ ሾፌር መርዶ አይነገርም። ለእህት ነግሮ ወንድምን መተውም የለም። ስለዚህ እኔ ያልሰማሁ ነኝ፣ ያልሰማ ሰው ደግሞ አያለቅስም፣ ሥራ ይሄዳል፣ ይበላል፣ ሲስቁ ይስቃል። ብናገርስ? ብጮህስ? ግድግዳው ስስ ነው፣ ጮኼ ቢወጣልኝ ጎረቤት ይሰማል፣ እኛ ሰዎች ከሰማን ደግሞ አንድ ሰዓት አይፈጅም፣ ከካሮልተን ግራንድ ፕሬሪ፣ ከግራንድ ፕሬሪ ዴንቨር፣ አንዱ አዛኝ ነኝ ባይ ነጅሙ ጋ ይደውላል፣ ነጅሙም ተራራው ላይ ሆኖ ይሰማል። ያን አልፈልግም። አባታችን ሲሞት ነጅሙ ኮምቦልቻ ነበር፣ አንድ ጅል መኪናውን አስቁሞ አባትህ አረፉ አለው፣ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ በዚያ ጉም ውስጥ እንዴት እንደወጣው ዛሬም አያስታውሰውም፣ ደሴ ሲደርስ የመኪናው አንድ ጎን ከፊት እስከ ኋላ ተልጧል፣ ከምን ጋር እንደተፋተገ የሚያውቅ የለም። ሐረጎ ላይ ጉም ነው ያለው። እዚህ በረዶ ነው፣ ከዚያ መኪና በተራራው ሆድ የሚያልፍበት ዋሻ አለ፣ ከዚያ ወደ ዴንቨር የሚወርደው ቁልቁለት፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ የተራራ ማለፊያ፣ ሬቶን ፓስ። አንድ እናት አጥቻለሁ፣ ወንድም የምጨምርበት ምክንያት የለኝም።

የተራራውን አየር ለነጅሙ የማነብለት እኔ ነኝ። ላፕቶፑን የገዛው እሱ ነው፣ ግን መኪናው ውስጥ ኢንተርኔት የለውም፣ የመንገዱ ቢሮ የስልክ መስመር ደግሞ አንዲት የተቀዳች ሴትዮ ናት፣ አንዱን ተጫን ሁለቱን ተጫን ስትል ቆይታ ከሰዓታት በፊት የነበረውን ትነግረዋለች። ስለዚህ ይደውልልኛል፣ "ሶ፣ ምን ይላል?" ይላል፣ እኔ አነብለታለሁ። ቼን ሎው ኦን ነው ማለት ሰንሰለት ጎማ ላይ ሳያስሩ ማለፍ የለም ማለት ነው። ነፋስ ይህን ያህል፣ ዕይታ ይህን ያህል፣ ዋሻው አፍ ላይ መንሸራተት አለ። የመንገዱ ገጽ ሲዘገይብኝ የበረዶ መንሸራተቻ ቦታዎቹን ገጽ እከፍታለሁ፣ እነሱ አይዘገዩም፣ በረዶ ገበያቸው ነው፣ ቬይል፣ ኮፐር ማውንቴን፣ ሎቭላንድ፣ ትናንት ማታ የወረደው ይህን ያህል ኢንች፣ መሬት ላይ የተከመረው ይህን ያህል፣ ከጎኑ ቃለ አጋኖ፣ ከጎኑ ጥርሷን ያሳየች ባለ ቀይ ኮፍያ ልጅ። የነሱ ደስታ ባደገ ቁጥር ወንድሜ የሚቆምበት ቀን ይረዝማል። አንድ ጊዜ ለእማ በስልክ ላስረዳት ሞክሬ ነበር፣ ሰዎች ከተራራው ላይ በእንጨት ላይ ቆመው ይንሸራተታሉ አልኳት። "ወደላይስ በምን ይወጣሉ?" አለች። በሽቦ ላይ የሚሄድ ወንበር አለ፣ እሱ ያወጣቸዋል። ትንሽ አሰበችና "ያወጣቸው ወንበር መልሶ አያወርዳቸውም?" አለች። ያወርዳል እማ። "ታዲያ ምን ሆነው ነው?" እንጃላቸው አልኳት። ከዚያ በኋላ በደወልኩ ቁጥር "ያ ወንበር ያወጣቸው ሰዎች ወረዱ?" እያለች ትስቅብኛለች። እስቃለሁ። ትናንት የሎቭላንድን ገጽ ስከፍት ባለ ወንበሩ ሥዕል መጣ፣ ቶሎ ዘጋሁት።

ትናንት ነው፣ ዓርብ ከቀትር በፊት፣ ነጅሙ ይደውላል። "ሳልዬ፣ ሶ፣ ምን ይላል?" ዝግ ነው እላለሁ፣ በሁለቱም በኩል፣ የበረዶ ናዳ ስለሚያሰጋ በመድፍ እየመቱ እያወረዱት ነው ይላል። "እዚህም እንደዛ ነው የሚሉን። ፓርኪንጉ ፉል ነው፣ ሰው መውጫው ራምፕ ላይ ሁሉ ፓርክ አድርጓል። ጭነት የሚመድብልኝ ዲስፓቸሬ በየሰዓቱ ኮል ያደርጋል፣ ተራራውን እኔ የዘጋሁት ይመስል።" ይስቃል። ከዚያ ሁልጊዜ የሚጠይቀውን ይጠይቃል፣ "እማን አገኘሻት?" ኔትወርክ የለም አልኩት። "የደሴ ኔትወርክ መቼም" አለ። መቼም አልኩ። ይህን ያህል ጎበዝ ውሸታም መሆኔን አላውቅም ነበር፣ ልጅ ሆኜ ስኳር ሰርቄ ስዋሽ እማ ዓይኔን አይታ ብቻ ታውቅብኝ ነበር፣ ነጅሙ ደግሞ ሁልጊዜ እኔ ነኝ የቃምኩት ብሎ ይገረፍልኝ ነበር።

ሥራ እሄዳለሁ። ትዕግሥት ትወስደኛለች፣ መኪና ያላት እሷ ናት፣ ግራንድ ፕሬሪ መጋዘኑ ድረስ። ትዕግሥት ስትነዳ አፏ አያርፍም ነበር፣ ስለ ፍቅረኛዋ፣ ስለ ሱፐርቫይዘራችን፣ ስለ ሁሉም ነገር፣ ሐሙስ ማታ ግን ሬድዮ ከፍታ ዝም አለች። እሷም ሰምታለች ማለት ነው። ክርስቲያን ናት፣ ወሎዬም አይደለችም፣ ግን ሰምታለች። ጋቢናው ውስጥ ሁለት ሴቶች ተቀምጠን አንዳችን ሌላችንን ስንጠብቅ ሃይዌዩ አለቀ። መጋዘኑ ውስጥ ስካነሬን ይዤ መደርደሪያ ለመደርደሪያ እሄዳለሁ፣ ስካነሩ ይጮሃል፣ ሳጥን አነሳለሁ፣ ይጮሃል፣ ስዞር ትዕግሥት ከኋላዬ ሳጥን የጫንኩበትን ፓሌቴን እየጎተተች ነው። "ሳሊ፣ ዛሬ ሄቪ ሄቪውን ለኔ ተይልኝ፣ ኦኬ?" ለምን? "እንዲሁ፣ ማለቴ፣ ኤክሰርሳይዝ ልሥራ ብዬ።" በዕረፍት ሰዓት ሽሮ በዕቃ አውጥታ ፊቴ አስቀመጠች፣ በዝቶብኝ ነው አለች፣ ትዕግሥት በሕይወቷ ወጥ በዝቶባት አያውቅም፣ ሁልጊዜ ከኔ ነው የምትበላው። በላሁላት። እያንዳንዱን ጉርሻ እያየችኝ እንደ መድኃኒት ዋጥኩት፣ ዓይኗ እንባ ሲያቅር ቺፕስ ልትገዛ ተነሳች። ተከትያት ሄጄ አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አውቃለሁ እኮ ልላት ፈለግሁ፣ አውቃለሁ ትዕግሥት፣ ልቅሶዬን ብቻ አስጀምሪኝ። ቺፕሱን ገዝታ መጣችና ግማሹን ሰጠችኝ።

ካለቀሰ ሰው ይልቅ ያላለቀሰ ሰው እንዴት እንደሚደክም ለማንም ልነግረው አልችልም። ደረቴ ላይ ጥቅል ነገር አለ፣ ስተኛ ይነሳል፣ ስነሳ ይተኛል። እማ እንዴት እንደሞተች እንኳ አላውቅም። ታማ ነበር? ወድቃ ነው? ማን ነበር አጠገቧ? ይህን ሁሉ ለመጠየቅ መጀመሪያ ሊነገረኝ ይገባል። ቀብረዋታል፣ ይህን አውቃለሁ፣ የኛ ሰው ሞቶ አያድርም፣ ረቡዕ ሞታ ከሆነ ረቡዕ ቀብረዋታል፣ እኔ ያን ጊዜ ግራንድ ፕሬሪ ሳጥን እያነሳሁ ነበር፣ ነጅሙ ዩታ በረሃ ውስጥ ነበር። ባለፈው የደወልኩ ጊዜ ስለ ዶሮዋ ነበር የምታወራልኝ። ዶሮዋ እትዬ እማዋይሽ ቤት እየሄደች መጣል ጀምራለች፣ እትዬ እማዋይሽ ዕንቁላሉን ይመልሳሉ፣ እማ ግማሹን መልሳ ትልካለች፣ እሳቸው እንደገና ይመልሳሉ፣ ይህ ነገር በሁለቱ ሴቶች መካከል ጦርነት ሆኗል፣ እማ ደግሞ ስታወራ ከጫጩትነቷ ጀምራ ነው፣ እኔ የዕረፍት ሰዓቴ አልቆ ሱፐርቫይዘሩ ሰዓቱን እያሳየኝ ነው፣ እማ እደውልልሻለሁ፣ እሺ እማ፣ እማ፣ ልዘጋው ነው፣ ዘጋሁት። ዶሮዋ የት መጣል እንደቀጠለች አላውቅም። ሳስበው የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፣ ሌላ ትልቅ ነገር ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ተቀይማኝ ቢሆን፣ መርቃኝ ቢሆን፣ ግን ዶሮ።

እና ያደረግሁትን ለማን እናገራለሁ፣ ለራሴ እናገራለሁ፣ ትናንት ከሶላት በኋላ እጄን ዘርግቼ መንገዱ እንዳይከፈት ዱዓ አደረግሁ። ወንድሜ ሞተር እያስነሳ እያጠፋ በብርድ እያደረ፣ እኔ ያ አላህ ጨምርበት አልኩ። መንገዱ ከተከፈተ ነጅሙ ይመጣል፣ ነጅሙ ከመጣ በሩ ይንኳኳል፣ በሩ ከተንኳኳ እማ ሞተች። እስከዚያ ድረስ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔ ብቻዬን ያወቅሁት ነገር ደግሞ ገና ግማሽ እውነት ነው፣ ደሴ ያለችው ጎጆአችን ውስጥ እማ ስልኳ ጠፍቶባት እየፈለገችው ሊሆን ይችላል። ጠዋት ከሥራ ስገባ ገጹን ከፈትኩ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል አድሯል፣ ቬይል በቃለ አጋኖ ይጨፍራል፣ እኔም ደስ አለኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ ደስ አለኝ፣ ባለ ቀይ ኮፍያዋን ልጅ አይቼ እኔና አንቺ አንድ ነን አልኳት።

አሁን ቅዳሜ ነው፣ ቅጠል ነፊው ሄዷል። ላፕቶፑ ሆዴ ላይ ይሞቃል። ምን ያህል እንደተጋደምኩ እንጃ፣ ሸለብ ሳያደርገኝ አልቀረም፣ ገጹን ሳድሰው ቀይ መስመሩ የለም። አረንጓዴ ነው። ጠፍቶብኝ እንደሆነ ብዬ ዘግቼ ከፈትኩት፣ አረንጓዴ። ቬይል ፓስ ክፍት፣ ቼን ሎው ኦን፣ መንገዱ በታመቀ በረዶ የተሸፈነ። ካሜራውን ከፈትኩ፣ ተራራው ላይ ሥዕል የምታነሳ ካሜራ አለች፣ በየትንሹ ትቀይራለች፣ ሥዕሉ ላይ ከባድ መኪናዎቹ መብራታቸውን አብርተው አንድ በአንድ ሲወጡ ይታያሉ። ተቀምጬ አየኋቸው። ሲቀየር አየሁ፣ ሌሎች መኪናዎች። ሲቀየር አየሁ። ስልኬ ጮኸ፣ ጋሽ ሸምሱ፣ "ሳልዬ፣ እንዴት አደርሽ፣ መንገዱ ተከፍቷል የሚል ሰማሁ፣ ነጅሙ ደውሏል?" አልደወለም ጋሼ። "አብሽሪ፣ ይመጣል። ነገ ጠዋት ካልደረሰ ሰኞ እንጠብቀዋለን፣ ማለቴ፣ እንጠይቀዋለን።" እሺ ጋሼ። እሳቸውም ደክሟቸዋል፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ የሰው እናት ተሸክመው ሦስት ቀን መዞር ቀላል አይደለም። ከዘጉት በኋላ ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ፣ አሁን ነጅሙ ይደውላል፣ ተከፈተ፣ ልነሳ ነው፣ አንብቢልኝ ይላል፣ እኔም አነብለታለሁ፣ አንድ ቃል ሳላዛባ፣ ድምፄን አስተካክዬ።

ደወለ።

"ሳልዬ፣ ተኝተሽ ነበር?"

"አልተኛሁም። እንዴት አደርክ?"

"አለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ብርድ ነው።"

"በላህ?"

"በላሁ።"

የሚመጣውን ጥያቄ ስለማውቀው መልሱን አዘጋጅቼ ይዣለሁ፣ ኔትወርክ የለም፣ አሁንም የለም። ጥያቄው አልመጣም። እማን አገኘሻት አላለም። ነጅሙ አሜሪካ ከገባ ጀምሮ እማን ሳይጠይቅ ስልክ አውርቶ አያውቅም።

"ፓሱ ዛሬም ዝግ ነው" አለ። "ፖሊሱ አሁን መጥቶ ነው የነገረን። ነገም አይከፈትም መሰለኝ። ሶ፣ ጋሽ ሸምሱ ከደወሉ እንደዛ በያቸው።"

ካሜራው ላይ መኪናዎቹ ይወጣሉ። ጋሽ ሸምሱ እንደሚደውሉልኝ ለነጅሙ አልነገርኩትም። አንድም ቀን አልነገርኩትም። ቀስ ብዬ ቀና አልኩ፣ ላፕቶፑ ወደ ጎን ተንሸራተተ፣ ያኔ ገባኝ፣ ወንድሜ በተከፈተ መንገድ ሥር ተቀምጦ መንገዱን ለኔ እየዘጋልኝ ነው። እኔ ያልሰማሁ መስሎት። አንድ ቀን ልጨምርላት ብሎ። ስኳሩን እኔ ነኝ የቃምኩት እንዳለው ጊዜ።

"አዎ" አልኩት፣ "እዚህም ዝግ ነው ይላል።"

እንዲህ ስል በስልኩ ውስጥ የመኪና ፍሬን ሲለቀቅ ሰማሁ፣ ያ ትልቁ ትንፋሽ፣ ከሱ አጠገብ ነው፣ ከዚያ ሞተር፣ ከዚያ በበረዶ ላይ የሚንኳኳ ሰንሰለት እየራቀ ሄደ። ቀጥሎ ሌላው። ሁለታችንም ሰማነው። መሄዳቸውን መስማቴን እሱም ሰማ።

"ሳልዬ" አለ። "ማን ነገረሽ?"

"ማንም። ደውዬ እትዬ እማዋይሽ አነሱ፣ አለቀሱ። አንተንስ?"

"አንድ የኛ ሰው ነው፣ ከዴንቨር የሚነዳ፣ በደንብ እንኳ አላውቀውም። ሐሙስ ቼን ሳስር መጥቶ አቀፈኝ። አላህ ይርሐማት አለኝ። የሰማሁ መስሎት። ሲገባው በረዶው ላይ ቁጭ አለ፣ ምንድን ነው ያደረግሁት ብሎ አለቀሰ። እኔ ነኝ ወላሂ ያጽናናሁት።"

"ሐሙስ? ትናንት ታዲያ እማን አገኘሻት ብለህ አልጠየቅኸኝም?"

"እንዳትጠረጥሪ ብዬ ነዋ።" አለ። "ዛሬ ግን ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ።"

ያን ጊዜ ነው የመጣው፣ ከሐሙስ ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር፣ አንሶላውን አፌ ውስጥ ከትቼ ጮህኩ፣ ነጅሙም እዚያ ጋቢናው ውስጥ ይጮሃል፣ እንደዚያ ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም፣ አባታችን ሲሞት እንኳ ወንድ ነኝ ብሎ ዋጥ አድርጎ ነበር፣ እማ እያልን፣ እማዬ፣ እማ፣ ምን እንዳልን እንጃ፣ ደቂቃው እየቆጠረ ሄደ፣ ማናችንም አልዘጋንም። አሁን ሞተች። ሁለት ሰው ሲያውቀው ሞተች። ሲበቃው አፍንጫውን ሲናፈጥ ሰማሁት፣ ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነበር የሚናፈጠው፣ ሳልፈልግ ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር።

"ስሚ" አለ። "ለጋሽ ሸምሱ የሰማን መሆኑን አትንገሪያቸው።"

"ለምን? ሰዎቹ እኮ ተጨነቁ።"

"ይንገሩን። መጥተው፣ ተሰብስበው፣ በወጉ ይንገሩን። እኔ መንገድ ላይ ቼን እያሰርኩ ነው የሰማሁት፣ አንቺ በተቋረጠ ስልክ። ለእማ ይህ አይገባትም ሳልዬ። በሩን ከፍተን እንደ አዲስ እንሰማለን። አጠገብሽ ቆሜ ልስማው።"

እንደ አዲስ። ዓይኔን ጨፍኜ አየሁት፣ በሩን ስንከፍት፣ ጋሽ ሸምሱ ከፊት ሆነው ቃሉን ሲፈልጉ፣ እኛ ሁለታችን ምንም እንደማያውቅ ሰው ዓይን ዓይናቸውን ስናይ፣ ትዕግሥት ከኋላ ሆና ስትነፋረቅ። ማስመሰል አያስፈልገንም፣ ያኔ የሚወጣው እውነተኛው ነው። "እሺ" አልኩት።

"ሶ፣ ምን ይላል? አንብቢልኝ።"

ላፕቶፑን አነሳሁት። ዓይኔን በአንሶላው ጠርጌ አነበብኩለት። ቬይል ፓስ ክፍት፣ ሰንሰለት ግዴታ፣ መንገዱ የታመቀ በረዶ፣ ጥላ ባለበት በረዶ ግግር አለ። ዋሻው ክፍት። ከዋሻው ወዲያ ነፋስ አለ፣ ሎቭላንድ ጋ በረዶውን ወደ መንገዱ እየነፋው ነው ይላል፣ ዕይታ ይቀንሳል። ቁልቁለቱ ላይ እርጥብ ነው። ሬቶን ደረቅ፣ ፀሐይ አለው። መንገዱን ደርቆ ሳገኘው ደስ አለኝ። ትናንት ጨምርበት ያልኩትን አላህ እንዳይሰማብኝ በልቤ መለስኩት።

"ኦኬ" አለ። ጋቢናው ውስጥ ሲንቀሳቀስ፣ ጓንቱን ሲፈልግ ይሰማኛል። "ቼኑን ላስር። አሁን ከተነሳሁ፣ ሌሊቱን ከነዳሁት፣ ነገ ጠዋት ለጎህ እደርስላቸዋለሁ።"

"ሌሊት አትነዳም።"

"ሽማግሌዎቹ እየጠበቁ ነው እኮ።"

"ይጠብቁ። ዴንቨር ስትደርስ ተኛ። ነጋ ስትል ተነሳ። ነጅሙ፣ እየሰማኸኝ ነው?"

"እየሰማሁ ነው።"

"ቀስ ብለህ ና" አልኩት። "ከእንግዲህ የሚያስቸኩለን ነገር የለም።"